ንቅንቅ እንዳትል

ዛሬ ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር መጥታችሁ ስለ እኔ ብትጠይቁ «እትዬ ብርቅነሽ? ረጋ ያሉ ሴት ናቸው» ይሏችኋል። እኔም እሰማና ዝም እላለሁ። ደብረ ብርሃን አብረውኝ ያደጉት ይህን ቢሰሙ ግን በሳቅ ይሞቱ ነበር። ተቀምጬ ምሳ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቆሜ እጎርሳለሁ፣ እየሄድኩ እጠጣለሁ፣ ሰው ሲያወራኝ ወሬውን እኔ ነኝ የምጨርስለት። እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ስትለኝ ተረቱ ሳያልቅ እኔ ከበር ወጥቻለሁ።

ፈጣሪ ሲቀልድብኝ ደግሞ አያሌውን ሰጠኝ። ባሌ አያሌው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እጅ ጽሑፉ ውብ፣ ጠባዩ የተባረከ፣ ግን ቀስ! አንድ ሰው መንገድ ላይ ካገኘ የሰውየውን ጤና፣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ሁሉ ጠይቆ ካልጨረሰ አይላቀቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው የተቀጠሩት እየዘለሉት አለቃ ሲሆኑ፣ እሱ ብዕሩን እየጠረገ «ጊዜ አለው ብርቄ» ይለኛል። እርር ድብን እል ነበር።

ስለዚህ እኔው ራሴ ደጅ ልጠናለት ተነሣሁ። ለወጣቶች ልንገራችሁ፤ በዚያ ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው ማመልከቻ አስገብቶ ቤቱ ቁጭ አይልም። በማለዳ ሄዶ የትልቅ ሰው ደጅ ይቆማል። ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲገቡ እጅ ይነሣል፣ አንድ ቀን ዓይናቸው እስኪያርፍበት ድረስ። እኔ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ሁለት ዓመት ቆምኩ። በሁለተኛው ዓመት ሰውየው ዘወር ብለው «ይቺ ሴት ዛሬም አለች?» አሉ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ተጻፈ። አያሌው የጅጅጋ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ሆነ።

ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንዲት መርዝ ነበረች። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጅጅጋ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ያን ሌላ ሰው አውቀዋለሁ፤ እዚያው ደጅ ላይ ከጎኔ ሲቆም የከረመ ነው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የአያሌው ስም ይሁን እንጂ ደብዳቤው የኔ ነበር። በእግሬ ነው ያመጣሁት።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም ነው፤ ወሩ ነሐሴ። ከአዲስ አበባ ስኳር ጭኖ ጅጅጋ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘን። የብረት አልጋችን፣ ቁም ሳጥናችንና ሁለት የልብስ ሣጥኖች ከስኳሩ ከረጢት ላይ ታሰሩ፤ እኔና አያሌው ጋቢና ገባን። ሾፌሩ ማሞ የሚባል ወፍራም ሳቂታ ሰው ነው። ደብዳቤውን በብስኩት ቆርቆሮ ከትቼ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሰም አሽጌ፣ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጥኩት። እጄ ላይ ትንሽዬ የሴት ሰዓት አለች፤ ያኔ ሰዓት ያሰረች ሴት በሰፈራችን ከኔ በቀር አልነበረችም። አያሌው ለሁለት ዓመት ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛልኝ ናት። እሷን እያየሁ ነው ሰውን ሁሉ የማጣድፈው።

ሐሙስ ተነሥተን ቅዳሜ ማለዳ የቁልቢን ዳገት ስንይዝ አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ማሞ አፍንጫውን ነፋ።

«ፍሪሲዮኑ ነው» አለ። ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያቀብለው ዕቃ ነው፤ ያኔ አላውቅም ነበር፣ በኋላ ግን ከበቂ በላይ አወቅሁት። «ጭነቱ ከብዶታል። ቁልቢ ላይ ሁለት ሰዓት ብናሳርፈው ይሻላል።»

አያሌው ደስ አለው። «እግረ መንገዳችንንም ገብርኤልን እንሳለማለን።»

«ገብርኤልን ሲመለሱ ይሳለሙታል!» አልኩ። «መኪናውም ድሬ ዳዋ ገብቶ ይረፍ! እኛ ሰኞ በሦስት ሰዓት ጅጅጋ መገኘት አለብን፤ ረሳችሁት?»

ማሞ አያሌውን አየ። አያሌው መስኮቱን አየ። መኪናው ቀጠለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም።

ደንገጎን ወርደን ድሬ ዳዋ የደረስነው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንቴ ውስጥ እንዳለ ያ ሙቀት ተቀበለኝ። ማሞ የሚያውቀው መካኒክ መጋላ የሚባል ሰፈር ነው፤ እኛ ያለነው ደግሞ በባቡር ጣቢያው በኩል። በመካከሉ ደቻቱ አለ። ወንዝ ነው አሉኝ። እኔ ያየሁት ግን ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ አህያው ይሄድበታል፣ ሴቶች ያጠቡትን ልብስ አስጥተውበታል፣ ሰው እየተጫወተ ይሻገረዋል። ማሞ በዚያው በአሸዋው አቋርጣለሁ ብሎ ገባ። መሐሉ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ አለቀ።

መካኒኩ አደም የመጣው በሽርጡ ነው፤ ከባቡር ወርክሾፕ ሥራ የተማረ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሶማሌ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና በቀጥታ ባሌን፣ በሹመት የሚሄደውን ባሌን፣ «አንተ» ብሎ ጠራው።

«ስማ አንተ፣ ፍሪሲዮኑ ሞቷል። አሁን ተሸካሚዎቹን ልጥራ፣ ሠላሳ ሰው አለ፤ ገፍተን ከዚህ እናውጣት። ከዚያ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ከአሱር በኋላ እንሠራለን።»

አሱር የሙስሊሞች የከሰዓት ስግደት መሆኑን ማሞ ነገረኝ። ሰዓቴን አየሁ። ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም።

«አሁን ለምን አይሠራም?» አልኩ።

አደም ሳቀ። «አቦ እመቤቴ፣ አሁንማ ማን ይሠራል? ፀሐይ ናት። ሰው ይበላል፣ ጫቱን ይይዛል፣ ያርፋል። ድሬ ነው ያለሽው።»

ደሜ ፈላ። ማሞ መንገድ ላይ «የድሬ ሰው ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ ማንም አያስነሣውም» ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁ። መኪናዋ ዳር ከወጣች በቃ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ ነገ እሑድ ነው፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት እኔ እዚህ አሸዋ ላይ ቆሜ፣ ያ ሰውዬ ጅጅጋ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል።

«አትወጣም» አልኩ። «እዚሁ ትሠራ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ሥሯ ለመተኛት ይመቻል።»

የአደም ሳቅ ጠፋ። «እዚህ አይሆንም። ይሄ የውሃ ቦታ ነው።»

«የታለ ውሃው?»

በጣቱ ወደ ደንገጎ ተራራ አመለከተ። ራሱ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጦበታል። ከኛ በላይ ያለው ሰማይ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለም። እንዲያውም ደመናውን ሳይ «እሰይ፣ ማታ ይቀዘቅዝልናል» ብዬ ነበር። የደጋ ሰው ነኛ! በኛ አገር ወንዝ የሚሞላው ራስህ ላይ ሲዘንብ ነው። ውሃ ከሌላ ሰው ዝናብ ተነሥቶ በፀሐይ መሐል ይመጣል ብሎ ማን ነግሮኝ?

አደም ዞር ብሎ በሶማልኛ ተሸካሚዎቹን ተጣራ። ሰዎቹ መሰብሰብ ሲጀምሩ እኔ አበድኩ። እጄን አንሥቼ በደቻቱ መሐል ጮህኩ።

«በጃንሆይ አምላክ! ይቺ መኪና ሳትሠራ ማንም ሰው ከዚህ ንቅንቅ እንዳያደርጋት!»

ለዛሬ ሰው ይህ ነገር ምንም አይመስለውም። በዚያ ዘመን ግን በንጉሥ አምላክ ከተባለ፣ የሚሄድ ይቆማል፣ የሚሠራ ያቆማል። ያን ቃል የረገጠ ሰው ንጉሡን እንደናቀ ተቆጥሮ ይታሰራል። ሰዎቹ ባሉበት ደረቁ። በዳር የሚያልፍ አንድ ፖሊስ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ «ምንድን ነው?» አለ፣ ነገሩት፣ «እንግዲህ ቃሉ ተሰምቷል» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ያችን ለማለት ባይመጣ ምን ነበረበት!

አደም ቀስ ብሎ ወደኔ ቀረበ። «አምና አንድ ሰው በጋሪ ጉዳይ እንዲህ ብሎኝ አልሰማሁትም። ሦስት ቀን ታሰርኩ። ሀዬ፣ እሺ፣ አልነካትም። ግን ፍሪሲዮን ዲስክ የለኝም። ያለ ዲስክ በምን ልሥራ?»

«የት ይገኛል?»

«ቀፊራ። የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥ ሐጂ አለ።»

«እኔ አመጣለሁ!» ብዬ ወደ አያሌው ዞርኩ። መኪናዋ ላይ ወጥቶ፣ የአልጋችን ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ጃንጥላ ይዟል። «አንተም በጃንሆይ አምላክ፣ እስክመጣ ከዕቃው ንቅንቅ እንዳትል! ደብዳቤውን ጠብቅ!»

«እሺ ብርቄ» አለ። ሁልጊዜ እሺ ነው።

ማሞ ምሳውን ሊበላ ሄደ። አደም ወንዙ ዳር ካለች ዛፍ ሥር ቁጭ አለ። እኔ ቀፊራ ሮጥኩ።

ቀፊራ ገበያው ሊበተን እየተቃረበ ነበር። የበርበሬው፣ የማሽላው፣ የሎሚው ሽታ ከሙቀቱ ጋር ተደባልቆ ራሴን አዞረው። ሐጂውን ያገኘሁት ብዙ ሰው ጠይቄ ነው። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው በብረት ተሞልቷል።

«የመኪና ፍሪሲዮን ዲስክ እፈልጋለሁ፣ ቶሎ!» አልኳቸው።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ።

«አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከደብረ ብርሃን። ዲስኩ አለ?»

«ይኖራል። ተቀመጪና ውሃ ጠጪ። ላብሽ ይድረቅ። የመኪናዋን ዓይነት ንገሪኝ፣ ቀስ ብለን እንፈልጋለን።»

እኔ ቆሜ፣ እሳቸው ብረቱን አንድ በአንድ እያነሡ፣ እያራገፉ፣ መልሰው እያስቀመጡ፣ ሰዓቴ ሰባት አለች፣ ሰባት ተኩል አለች። የሰውየው እጅ የአያሌውን እጅ መሰለኝ። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ አቧራ የለበሰ ዲስክ አወጡና ፊት ለፊት አስቀምጠው በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

ያኔ ነው አንዲት ሴት እየሮጠች የገባችው። ሻሿ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ትንፋሿ ተቆርጧል። የአደም እህት ፋጡማ ናት፤ መኪናዋ ስትቆም ከዳር ቆማ ስታይ አይቻታለሁ።

«ያ ረቢ፣ አንቺን ስፈልግ ገበያውን ዞርኩት! ነይ፣ ቶሎ በይ! አደም ልኮኝ ነው። ተራራው ላይ ዘንቧል። ሰው ሁሉ ከደቻቱ እየወጣ ነው። ባልሽ ግን አልወጣም አለ። ‹እሷ ቃሏን ካላነሣች አልወጣም› ይላል። ሰዎቹም መኪናዋን ለመግፋት ፈሩ። አንቺ ያልሽውን አንቺው አንሺ!»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሰማዩን አየሁ። ያው ሰማያዊ ነው። ፀሐዩ ያው ይጋረፋል።

«አላነሣም» አልኩ።

ፋጡማ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምን አልሽ?»

«ይሄ የወንድምሽ ዘዴ ነው! መኪናዋን ዳር አውጥቶ ሊተኛ ነው። ዲስኩ ይኸው ተገኝቷል፣ ይዤ እመጣለሁ፣ ይሠራታል። ቃሌን አላነሣም!»

ይችን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ በእንቅልፌ ስሰማት ኖሬያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፋጡማ ፊቷን ከኔ አዞረች። ሐጂውን በሶማልኛ አንድ ነገር አለቻቸው። እሳቸውም ዲስኩን መጥረግ አቆሙና፣ ጆሮአቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ።

«ዝም በሉ» አሉ።

መጀመሪያ ባቡር መሰለኝ። ከሩቅ የሚመጣ ከባድ ባቡር። ከዚያ ከውጭ ሰው መጮህ ጀመረ፤ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው።

«ደቻቱ መጣ! ደቻቱ መጣ!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ዲስኩ የት እንደወደቀ አላውቅም። ፋጡማ እጄን ይዛ ስትጎትተኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ዳሩ ላይ ስንደርስ ያ አሸዋ የለም። ያ አህያ ሲሄድበት የነበረ ሜዳ የለም። ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ ግንድ ይዟል፣ በር ይዟል፣ አንዲት ፍየል ይዟል። መሐሉ ላይ መኪናችን ቆማለች፤ ውሃው ጎማውን ውጦ የጋቢናው መስኮት ደርሷል። ጋቢናው ጣሪያ ላይ አያሌው በሆዱ ተኝቶ ይታያል።

«ከላይ ተቀምጦ ነበርኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋቢናው ጋ ምን አመጣው?»

አንድ ተሸካሚ መለሰልኝ። «ውሃው ሲመጣ እኛ ‹ዝለል› ስንለው፣ እሱ ጋቢና ገባ። የሆነ ቆርቆሮ ሊያወጣ።»

ደብዳቤው ነው።

«አያሌው! ቃሌን አንሥቻለሁ! ውጣ! በጃንሆይ አምላክ ውጣ!» እያልኩ ጮህኩ። የውሃው ድምፅ የኔን ድምፅ በላው። አየኝ ግን። እጄን ሳወዛውዝ አየኝ። ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ደብዳቤው ደኅና ነው ማለቱ ነው! የጠየቅሁት ስለ ደብዳቤው መስሎት!

ያኔ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት በትዳር ስኖር፣ ያን ሰውዬ ስንት ጊዜ ስለ ራሱ ጠይቄው ኖሮ ነው፣ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ የምጠይቀው ስለ ወረቀት የመሰለው?

አደም ረጅም ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ። አንዱን ጫፍ ዛፉ ላይ አሰረ፣ በሌላው ጫፍ አንድ ትልቅ ቺያቢ፣ ብሎን መፍቻውን ማለቴ ነው፣ ቋጠረበት። ሽቅብ ወደ ላይኛው በኩል ሄዶ አሽከርክሮ ወረወረው። አልደረሰም። ጎትቶ ደግሞ ወረወረው። በሦስተኛው ገመዱ አያሌው ላይ ወደቀ። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «አላህ!» አለ።

አያሌው ገመዱን ያዘ። በአንድ እጁ።

«በሁለት እጅ! በሁለት እጅህ ያዝ!» አደም ጮኸ። ሰው ሁሉ ጮኸ። አያሌው ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አቅፏል፤ አይለቅም። መኪናዋ በጎን ዘንበል ማለት ጀመረች። አልጋችን ተፈታ፣ ቁም ሳጥኑ ተፈታ፣ ዓይኔ እያየ ሄዱ። ቅንጣት ታህል አላሳዘኑኝም።

«ጣለው! ጣለው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ አይሰማም። እጄን እያወናጨፍኩ አሳየሁት፣ ቆርቆሮውን መልሶ ከፍ አደረገልኝ። ምን ልሁን? ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ ውሃው ውስጥ ወረወርኩ። አፍጥጦ አየኝ። ጫማዬን አውልቄ አንዱን ወረወርኩ፣ ሌላውን ወረወርኩ። አልገባውም፤ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ያኔ ሰዓቴን ከእጄ ፈታሁ። ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ ልክ እሱ ቆርቆሮውን እንዳሳየኝ። እና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ደቻቱ ወረወርኳት።

አያሌው ያቺን ሰዓት ምን ያህል እንደምወዳት ያውቃል። ቀና አለ። ቆርቆሮውን አየው። ከዚያ ጣለው።

ገመዱን በሁለት እጁ ጠቅልሎ እንደያዘ መኪናዋ ተገለበጠች። ለጥቂት ጊዜ ራሱ ጠፋ። ሠላሳው ተሸካሚ፣ ያ በጃንሆይ አምላክ ያስቆምኩት ሰው ሁሉ፣ ጫቱን ጥሎ ገመዱ ላይ ነበር። እኔም መሐላቸው ገብቼ ጎተትኩ። መቶ ክንድ ያህል ወደ ታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ ውሃው ዳር አወጣው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፣ አፉ አሸዋ ሞልቷል። ይተነፍሳል ግን። ይተነፍሳል!

ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ «ብርቄ፣ ይቅርታ፣ ጣልኩት» የሚል ነበር።

ውሃው እንደ አመጣጡ ፈጥኖ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደቻቱ እንደገና አሸዋ ነበር፤ እርጥብ፣ ጥፋት ያልሠራ መስሎ። መኪናዋን በሦስተኛው ቀን ከአሸዋ ቆፍረው አወጧት፤ አደም ሁለት ወር ሠርቶ አስነሣት። ማሞም ሳይረግመኝ ይዟት ሄደ፤ መኪናዋ ከአሸዋ የወጣች ሰኞ ግን ሳቂታነቱ ጠፍቶ ነበር። እኛን ፋጡማ ቤቷ ወሰደችን። ስንት ቀን ትቆያላችሁ ብላ አልጠየቀችም። ቀፊራ ላይ ስለሰደብኩት ወንድሟም አንድ ቀን አላነሣችብኝም። አደም ብቻ አንድ ቀን ሳቅ ብሎ «አቦ ብርቅነሽ፣ አንቺ ጃንሆይን ጠራሽ፤ ቀድሞ የመጣው ግን ደቻቱ ነው» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ነው እንግዲህ ዋናው ነገር የሆነው። አያሌው እግሩ በእንጨት ታስሮ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ባዶ እጄን ደጋግሜ አያለሁ፣ ከልምድ። በሩቅ የባቡሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሦስት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ጅጅጋ ያ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሁለት ዓመት የቆምኩበት ሁሉ አለቀ።

«አያሌው» አልኩት። «አንተ የሕግ ሰው ነህ። የጃንሆይ አምላክ ሰውን ውሃ እስኪወስደው ድረስ ቁም እንደማይል ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ሰው ሁሉ ውጣ ሲልህ ለምን አልወጣህም? ንጉሡን ፈርተህ ነው?»

ጣሪያውን እያየ ብዙ ቆየ። እንደ ወትሮው መልሱን ልጨርስለት አፌን ከፈትኩና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘጋሁት።

«ንጉሡንማ ምን አደረግኋቸው?» አለ። «አንቺን ፈርቼ ነው።»

አልተቆጣም፣ አልወቀሰኝም። ሰዓት ስንት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ነው የተናገረው። እኔ ለባሌ ሹመት ስሮጥ፣ ባሌ ከጎርፍ ይልቅ እኔን እየፈራ ይኖር ነበር ማለት ነው። ፊቴን በጉልበቴ መሐል ቀብሬ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ራሴን እየዳበሰ «ጊዜ አለው ብርቄ» ይለኛል። ያቺ የሚያናድደኝ ቃል!

ድሬ ዳዋ ቀረን። አያሌው እግሩ ሲድን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ያ የሰውን ጤና፣ የልጁን፣ የከብቱን የሚጠይቅበት ነገር ለሥራው ተስማማው። ባለጉዳዩ አንጀቱ ርሶ ይሄዳል፣ አያሌው ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም ከነሱው ለመደ። እኔም ምሳ ቤት ከፈትኩ፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን እንደ አገሩ ሰው ዘግቼ አርፋለሁ። ጅጅጋን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ እግራችሁ መሬት የማይረግጥ ካላችሁ፣ ስለ ጎርፍ ልመክራችሁ አይደለም። ደቻቱንስ ሰው አወቀው። ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ «እሺ» የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ዓይኑን እዩት። እሺ ያለው ተስማምቶ ነው ወይስ ፈርቶ? እኔ ይህን ለማወቅ አልጋዬንም ሣጥኔንም ከፍያለሁ፤ ባሌን ግን ልከፍል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሌላ ሰው እንዲህ በርካሽ ላይወጣው ይችላል።

መማር ግን በአንድ ቀን አይደለም። እኔ ማዘዝ ብተውም እሱ መፍራት አልተወም። ለዓመታት የምለውን ሁሉ «እሺ» እያለ ልቤን አቆሰለው። አሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እዚሁ ሳቢያን በራችን ላይ በጥላው ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ለቅሶ ቤት ልንሄድ ነበር። ነጠላዬን እየተከናነብኩ «ተነሥ እንሂድ፣ ረፈደብን» አልኩት።

ጋዜጣውን ገለጠ። ቀና ብሎም አላየኝም።

«አልሄድም» አለ። «ነገ እንሄዳለን። ዛሬ ደክሞኛል።»

ባለሁበት ቆምኩ። የሰማሁት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ «ምን አልክ?» አልኩት።

«ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኩሽ።»

እልል አልኩ። በለቅሶ ነጠላዬ፣ በመንገዱ መሐል፣ ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ እስኪወጣ እልል አልኩ። «ምን ተገኘ?» ሲሉኝ «ባሌ እምቢ አለኝ!» አልኳቸው። ከዚያ ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ እስኪመሽ ድረስ።